ስፓም ፊልተር የሞባይል ዳታችሁን አያድንም

ሐዋሳ ላይ በአሮጌ ላፕቶፕና በሞባይል ዳታ የቢትኮይን ኖድ (ትራንዛክሽኖችን የሚያረጋግጥና ለሌሎች የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ለማስኬድ የሚነሳ ሰው ስለ ስፓም ክርክሩ፣ ማለትም ክፍያ ያልሆነ ሥዕልና ጽሑፍ ቢትኮይን ላይ መጻፍ ይታገድ ወይ ስለሚለው፣ ሲጠይቅ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከፍልስፍናው ጋር አይገናኝም። «ኮር ልጫን ወይስ ኖትስ? የትኛው ዳታ ይቆጥብልኛል?» ነው የሚለው። ኮር ዋናው የኖድ ፕሮግራም ነው፣ ኖትስ ደግሞ ከእሱ የተቀዳና ስፓምን ጠበቅ አድርጎ የሚያጣራ። በዳታ በኩል ከተባለ ሁለቱም ያው ናቸው። ፊልተሩ ጠበቅ ሲልማ ጭራሽ ሊብስ ይችላል። ምክንያቱን ለማየት አንድ ትራንዛክሽን ኖዱ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ መከተል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ግን ጠቡ ምን ላይ እንደሆነ በአጭሩ። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦፒ ሪተርን የሚባለው ገንዘብ የማይይዝ፣ ማስታወሻ ብቻ የሚጻፍበት አውትፑት (የትራንዛክሽን መድረሻ ክፍል) ነው። ቢትኮይን ኮር በ2014 ይህን ሲፈቅድ ከ40 ባይት በላይ የያዘውን ኖዶች እንዳያስተላልፉ አደረገ፤ በኋላ ገደቡ ወደ 80 ከፍ አለ። ኦክቶበር 2025 የወጣው ኮር 30 ግን ገደቡን ወደ 100,000 ባይት ወሰደው፣ ማለትም በተግባር አነሳው። ሉክ ዳሽ ጁኒየር የተባለው ገንቢ የሚያዘጋጀው ኖትስ ደግሞ ገደቡን እንደጠበቀ ነው፤ ከዚያም አልፎ ኢንስክሪፕሽኖችን (ትራንዛክሽን ውስጥ የተከተቱ ሥዕሎችና ጽሑፎች) በቅርጻቸው እየለየ ይጥላል። ብዙ ሰው በኮር ተናዶ ወደ ኖትስ የሄደው በዚሁ ሰሞን ነው።

አሁን ወደ ትራንዛክሽኑ። ጎረቤት ኖድ አዲስ ትራንዛክሽን ሲደርሰው መጀመሪያ የሚልክላችሁ መለያውን ብቻ ነው፣ 32 ባይት። መለያው ውስጡ ሥዕል ይኑር ተራ ክፍያ አይናገርም። ኖዳችሁ ለማወቅ የግድ ሙሉውን ማውረድ አለበት። ያወርዳል፣ ይመረምራል፣ ስፓም ሆኖ ሲያገኘው ይጥለዋል። ዳታው ግን ከጥቅላችሁ ላይ ተቆርጧል። ከዚያ ያው ትራንዛክሽን በብሎክ፣ ማለትም ማይነር የሚባሉት አሽገው በሰንሰለቱ ላይ በሚጨምሩት የትራንዛክሽኖች እሽግ፣ ተጭኖ ይመጣል። ብሎክ በአሁኑ ጊዜ በአጭር መልክ ነው የሚላከው (ቢፕ 152 በሚባለው የቢትኮይን ማሻሻያ ሰነድ መሠረት)፦ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን በ6 ባይት ምልክት ይወከላል፣ ኖዱም ሜምፑሉ (ብሎክ ውስጥ ያልገቡ ትራንዛክሽኖች የሚጠብቁበት ራም) ውስጥ ካለው ጋር እያገጣጠመ ብሎኩን መልሶ ይሠራዋል። የጣላችሁት ግን ሜምፑል ውስጥ የለም። ኖዳችሁ «የጎደለኝን ላኩልኝ» ብሎ ይጠይቅና እንደገና ያወርዳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይሄ ነው። ኮር ከጣላቸውና ከተካቸው ትራንዛክሽኖች የመጨረሻዎቹን 100 ለዚህ ሲል ለብቻ ያስቀምጣል፤ ስፓም በበዛበት ሰዓት ግን 100 ምንም አይደለም።

ይህ የማስጠየቅ ዙር ብሎኩን ያዘገየዋል። ለእናንተ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ግድ የለም። መላው ኔትዎርክ ሲዘገይ ግን የሚጎዳው ትንሹ ማይነር ነው፤ ትልቁ የራሱን ብሎክ መጀመሪያ የሚያየው ራሱ ነውና። ፊልተር የማይነሮችን መከማቸት ያግዛል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለኔ ከክርክሩ ሁሉ ጠንካራው ነጥብም ይሄው ነው።

ፊልተር ደጋፊዎች «አብዛኛው ኖድ ካጣራ ስፓሙ ማይነር ጋ አይደርስም» ይላሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ኖድ በነባሪው ትራንዛክሽን የሚለዋወጥባቸው 8 ወጪ ግንኙነቶች ይከፍታል። ከኔትዎርኩ 80 በመቶው ቢያጣራ ስምንቱም አጣሪ የመሆን ዕድላቸው 0.8 ስምንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፣ 17 በመቶ ገደማ። 90 በመቶው ቢያጣራ እንኳ 43 በመቶ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ኖድ ቢያንስ አንድ ክፍት በር ያገኛል ማለት ነው፣ ላኪውም በእጁ ክፍት ኖድ መርጦ መገናኘት ይችላል። ከዚያ ደግሞ ማራ የተባለው ማይነር ከ2024 ጀምሮ ስሊፕስትሪም በሚባለው አገልግሎቱ በኩል ትራንዛክሽን በቀጥታ ይቀበላል።

ስሌት አላሳመነህም ለሚል 2025 ጥሩ ፈተና አምጥቶ ነበር። ያኔ ሁሉም ኖድ ማለት ይቻላል ከ1 ሳት (የቢትኮይን ትንሹ ክፍልፋይ) በቨርቹዋል ባይት (ክፍያ የሚታሰብበት የትራንዛክሽን መጠን መለኪያ) በታች የሚከፍለውን አያስተላልፍም ነበር። ጥቂት ማይነሮች መቀበል ሲጀምሩ ግን ርካሾቹ ትራንዛክሽኖች ብሎኮች ውስጥ መታየት ጀመሩ። ብሎክ የማገጣጠሙ ስኬት ወረደ፣ ኮርም ነባሪውን ወደ 0.1 ዝቅ አደረገ። ሁሉም የሚያጣራው ፊልተር እንኳ ከፋይና ተቀባይ ሲገናኙ አልያዘም።

ይህን ስል ፊልተር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ማይነሩ ምንም የማያገኝበትን ነገር፣ ለምሳሌ ከአቧራ ገደብ በታች የሆነ፣ በጣም ትንሽ ገንዘብ የያዘ አውትፑትን (ለድሮው አድራሻ 546 ሳት)፣ ለዓመታት በደንብ አስታግሷል። አሁን ያለው ስፓም ግን ይከፍላል።

ሥዕል ኦፒ ሪተርንን ያጥለቀልቀዋል የሚለው ፍርሃትም ከዋጋው ጋር አይሄድም። ሴግዊት ከሚባለው ማሻሻያ ወዲህ የዊትነስ (የትራንዛክሽኑ የፊርማ ክፍል) ባይት ክብደቱ 1፣ የሌላው ባይት 4 ነው። 100,000 ባይት ሥዕል በ1 ሳት ተመን ኦፒ ሪተርን ውስጥ 100,000 ሳት ሲያስከፍል፣ ኢንስክሪፕሽኖች ከ2023 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ዊትነስ ውስጥ ወደ 25,000 ሳት ነው። ከ143 ባይት ገደማ በላይ ዊትነሱ ይረክሳል። ታዲያ ማን አራት እጥፍ ይከፍላል?

የኖዳችሁን ጤና በእውነት የሚያውከው ሌላ ቦታ ነው። ያልወጡ፣ ማለትም ገንዘባቸው ገና ያልተከፈለ አውትፑቶች መዝገብ፣ ኖዱ ቼይንስቴት በሚለው ፎልደር ውስጥ የሚይዘው፣ ከ10 ጊጋባይት አልፏል። ይህን እንደ አሮጌ ብሎኮች ፕሩን ማድረግ (ቆርጦ መጣል) አይቻልም፣ ትራንዛክሽን በተረጋገጠ ቁጥርም ይነበባል። 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ የሚያቃስተው እዚህ ላይ ነው። ኦፒ ሪተርን እዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስታምፕስ የሚባሉት ግን ሥዕሉን በሐሰተኛ ቁልፎች ከፋፍለው አውትፑት ውስጥ ስለሚከቱ፣ ማንም የማያወጣው ሆኖ እዚያው ይቀራል። ሲትሪያ የተባለው ፕሮጀክትም ከ80 ባይት በላይ ስላስፈለገው ቀሪውን ማንም ሊያወጣው በማይችል የታፕሩት አድራሻ ውስጥ ለማስቀመጥ ነድፎ ነበር። የኦፒ ሪተርንን ገደብ የማንሳት የ2025ቱ ሐሳብ የተቀሰቀሰው በዚህ ነው፦ መጻፋቸው ካልቀረ መዝገቡን በማያጨናንቀው ቦታ ይጻፉ። ይህ ለደካማ ላፕቶፕ የሚበጅ ውሳኔ ነው፤ አቀራረቡ ግን ተጠቃሚን ያላከበረ ነበር፣ ቁጣውም በከፊል ከዚያ መጣ።

ቢፕ 110 የሚባለው ሐሳብ ደግሞ ፊልተር ሳይሆን የብሎክ ሕግ ነው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ትልልቅ ዳታ የያዙ ብሎኮችን ዋጋ ቢስ ያደርጋል። እውነተኛ መዝጊያ ይሄ ብቻ ነው፣ ማይነሮቹ ካልተስማሙ ግን ሰንሰለቱ ለሁለት የመከፈል አደጋ አለው።

እንግዲህ ኖዱን እንዴት እናስተካክለው? በቀን 144 ብሎክ ገደማ ይመጣል። አንዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜጋባይት ቢሆን በቀን ከ216 እስከ 288 ሜጋባይት ነው፤ ሁሉም ጢም ብሎ 4 ሜጋባይት ቢሞላ 576። ይህን የሚቀንስ ፊልተር የለም። የሚቀነሰው ከብሎክ ውጭ ያለው ወሬ ነው፣ እሱም በኖዱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ብሎክስኦንሊ (blocksonly) የሚለውን 1 ስታደርጉት ይቆማል። ኖዱ ትራንዛክሽን አይቀበልም፣ ብሎክ ብቻ ያወርዳል፣ የስፓም ጥያቄውም አብሮ ይቀራል። ዋጋው የክፍያ ግምት (ለትራንዛክሽን ስንት ልክፈል የሚለውን ማስላት) ማጣት ነው። ሊስን (listen) የሚለውን 0 ካደረጋችሁ ሌሎች ታሪክ ሊያወርዱ አይመጡባችሁም።

መጀመሪያ የሚወርደው ከ700 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይሞከርም። ፋይበር ያለው ወዳጅ፣ አዳማም ይሁን አዲስ አበባ፣ ኖዱን በሥርዓት ዘግቶ ብሎክስ የሚለውን ፎልደር በ1 ቴራባይት ዲስክ ይስጣችሁ። ቼይንስቴቱን አትቅዱ፤ እሱን መቅዳት የወዳጅን ቃል ማመን ነው። ኖዱን በሪኢንዴክስ (reindex) አስነስታችሁ፣ ፋይሎቹን ከመጀመሪያው እንዲያነብ አድርጋችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የብሎክ ፋይሎቹን ብቻ መርጦ ሲቀዳ ነው። ከኮር 28 ወዲህ ፋይሎቹ በቁልፍ ተሸፍነው ነው የሚቀመጡት፣ ቁልፉም ኤክስኦር ዳት (xor.dat) የምትባለው ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። እሷ ከቀረች ኖዱ ምንም ማንበብ አይችልም። ሪኢንዴክሱ ሳያልቅ ፕሩን አትክፈቱ።

መብራት ለሚሄድበት ሰፈር፦ ሲንኩ (ኖዱ ታሪኩን ሁሉ አረጋግጦ መጨረሱ) እስኪያልቅ ዲቢካሽን (dbcache፣ ለመዝገቡ የሚመደበው ራም) ከፍ ማድረግ ያፈጥናል፣ ነገር ግን ወደ ዲስክ ያልወረደው ሁሉ መብራት ሲቋረጥ ይጠፋል። ሲያልቅ ወደ 450 ሜጋባይት መልሱት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቼይንስቴቱ ከተበላሸ ሪኢንዴክስ ቼይንስቴት ቀናት ይፈጃል።

ኖድ ማስኬድና ገንዘብ መገበያየትም ለየብቻ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል፣ ሁለቱን አታደባልቁ።

ያልተገደበ ኢንተርኔት ኖሯችሁ፣ ይሄን ሁሉ አንብባችሁም ማጣራት ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፤ ሜምፑሉ የናንተ ራም ነው። ኮር ላይ ዳታካሪየርሳይዝን (datacarriersize፣ የኦፒ ሪተርን ገደብ) 83፣ ፐርሚትቤርመልቲሲግን (permitbaremultisig፣ ስታምፕስ የተጠቀሙበት የአውትፑት ዓይነት) 0 አድርጉ። ብሎክ ሪኮንስትራክሽን ኤክስትራ (blockreconstructionextratxn) የሚለውን ደግሞ ከ100 ወደ ጥቂት ሺዎች ከፍ አድርጉት፣ የጣላችሁትን ሁለት ጊዜ ማውረዱ ይቀንሳል። የኖዱን የክፍያ ግምት ግን ብቻውን አትመኑ፤ ከሜምፑሉ ያለፈውን ብቻ ነው የሚያሰላው፣ እናንተ የጣላችኋቸው ብሎኩን የሞሉት ቀን ግምቱ ሊሳሳትና ክፍያችሁ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።