ከዲሹ የወረደው ሁለተኛ ገመድ

ነሐሴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አከራይና ተከራይ በአንድ ዲሽ የሚጠቀሙበት ግቢ። ሥራው ውሃ የገባበትን ኤልኤንቢ፣ የዲሹን ሲግናል መቀበያ ራስ፣ መቀየር ብቻ ነበር። ባለሙያው የአከራዮቹን ሪሲቨር ከሶኬት ነቀለ፤ የዲሹን ቋሚ ብረት ኤሌክትሪክ ሲነካ በሚበራው ቴስተር ነካ፤ አልበራም። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ነበርና ሊበራም አይችልም። ጣሪያ ላይ ወጣ። ረዳቱ ከታች እርጥብ መሬት ላይ በነጠላ ጫማ ቆሞ መሰላሉን ያዘ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መብራት መጣ። ከላይ ያለው ምንም ሳይሰማው ብሎኑን መፍታት ቀጠለ። ረዳቱ ግን አሸንዳውን እንደተደገፈ ጮኸ፤ ጣቶቹ ተጨምድደው አልላቀቅ አሉት። የቤቱ እመቤት ሮጠው ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር ባይጥሉት ኖሮ አይተርፍም ነበር። ማንም እጁን ይዞ ሊጎትተው አለመሞከሩም ትክክል ነው፤ የሚጎትተውንም ይይዘዋል።

ከላይ የነበረውን ያልነዘረው ጫማው አይደለም። የዲሹ ቋሚ በብሎን የታሰረው ከቆርቆሮው ጋር ነው፤ እጁም እግሩም ያረፉት በአንድ ቮልቴጅ ላይ ባለ ብረት ላይ ስለሆነ በሰውነቱ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ረዳቱ ግን ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘውን አሸንዳ ከእርጥብ መሬት ጋር በገላው አገናኘው። ጣሪያ ላይ ለሚሠራ ሰው ክፉው ሰዓት መውረጃው የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ እጅ ቆርቆሮ ላይ፣ አንድ እግር መሬት ላይ።

ብሬከሩ በራሱ አልወደቀም፤ ሊወድቅም አይችልም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ ሰውን ለመግደል ግን በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ይበቃል። እዚያ ቦታ ሥራ የሚሠራው ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ነው፤ በዚያ ቤት አልተገጠመም። ሶኬቶቹም ኤርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ፣ አልተያያዘባቸውም።

ኤሌክትሪኩ የመጣው ተከራዩ ከሚኖርበት ሰርቪስ ቤት ነው። ኤልኤንቢው ባለ ሁለት መውጫ ነበር፤ አንዱ ገመድ ወደ አከራዮቹ፣ ሌላው ወደ ተከራዩ ይሄዳል። የተከራዩ ሪሲቨር እንደተሰካ ነበር። የዲሽ ገመድ ሽርብ ሽቦ፣ ከላስቲኩ ሥር ያለው የተጠለፈ ሽቦ፣ በኮኔክተሩ በኩል የአንዱን ሪሲቨር አካል፣ ኤልኤንቢውን፣ ቋሚውንና የሌላውን ቤት ሪሲቨር አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ከኤልኤንቢው የሚወርዱትን ገመዶች መቁጠር ግድ ነው፤ ስንት ገመድ ካለ የዚያኑ ያህል ሪሲቨር ይነቀላል፤ ከነሱ ጋር የተገናኘው ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ማጥፊያውን መጫን መንቀል አይደለም። መብራት ጠፍቷል ብሎ መተውም አይሠራም።

ተከራዩ ገመዱ እንደሚነዝረው ከሳምንታት በፊት ተናግሮ ነበር፤ «የዲሽ ንዝረት ያለ ነው» ተብሎ ታለፈ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው። እውነት ነው፣ ደህና ሪሲቨርም ትንሽ ይነዝራል። በፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለሪሲቨሩ በሚያመቻቸው ክፍል፣ ውስጥ ከፍተኛውን ቮልቴጅና የገመዱን ጎን የምታገናኝ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነች «ዋይ 1» የተጻፈባት ካፓሲተር አለች። 2.2 ናኖፋራድ ከሆነች በ220 ቮልትና 50 ኸርዝ የምታሳልፈው 0.15 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ያስደነግጣል፣ ከመሰላል ሊጥልም ይችላል፤ በራሱ ግን አይገድልም። በተከራዩ ሪሲቨር ውስጥ ግን ቀደም ሲል የጠገነው ሰው በዋይ 1 ቦታ 1 ኪሎቮልት የተጻፈባት ተራ ሴራሚክ ካፓሲተር ተክሎ ነበር። ዋይ 1 የምትሠራው ብትበላሽ እንኳ ሾርት እንዳታደርግ ታስቦ ነው፤ ተራዋ እንዲህ ያለ ዋስትና የላትም። ሾርት አድርጋ ተገኘች።

ቴስተር ደህናውንና የተበላሸውን ሪሲቨር አይለይም፤ በሁለቱም ይበራል። ቮልት የሚለካው መልቲሜትር ብቻውንም አይለይም፤ በደህናውም በተበላሸውም 100 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይችላል፤ ሾርት ያደረገው ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት ዳዮዶች በኩል ግማሹን ሞገድ ብቻ ስለሚያወጣ። የሚለየው ጭነት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ፣ ነው። ባለ 40 ዋት የ220 ቮልት የክር አምፖል በሆልደር፣ አንዱ ጫፍ ከገመዱ ሽርብ፣ ሌላው እርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር፤ መልቲሜትሩ ከአምፖሉ ትይዩ። ክሊፖቹ የሚያያዙት ሁሉም ነገር ተነቅሎ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሪሲቨሩ ይሰካል፣ በእጅ አይነካም። በዚያ ቤት አምፖሉ ደብዝዞ በራ፤ ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ጥገናው ዋይ 1 በዋይ 1፣ ላይዋ የሚጻፈው ቁጥር 222 በ222 ነው፤ 2.2 ናኖፋራድ ማለት ነው። ካልተገኘች ተራ ከመትከል ቦታውን ባዶ መተው ይሻላል፤ ምስሉ ላይ ጭረት ሊመጣ ይችላል፣ ሰው ግን አይሞትም። ቀጥሎ 1.5 ሜትር የመዳብ ልባጥ ያለው ዘንግ መሬት ውስጥ ተተከለ፤ ከዲሹ ቋሚ እስከ ዘንጉ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ፣ ከገመዶቹ ሽርብ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ተዘረጋ፤ ዘንጉም ከአዲሱ የቤቱ ኤርዝ ጋር ተያያዘ። ባለ 30 ሚሊአምፔሩ መከላከያ በሁለቱም ቤት ገባ።

ሪሲቨሩ ከተጠገነ በኋላ፣ የመሬት ገመዱ ከመታሰሩ በፊት፣ አምፖሉ እንደገና ተገጥሞ ነበር። አልበራም፤ መልቲሜትሩም ወደ ዜሮ ወረደ።