ከዝሆን ፋንድያ ጋር የዋልኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዝሆን ፋንድያ ጋር ስታገል ዋልኩ። ሳቁ፣ ችግር የለውም። ሥራዬ ፋንድያ ላይ ከሚገኝ ዲኤንኤ ዝሆኖችን እየለዩ መቁጠር ነው።

ዝሆኑ ሲጸዳዳ ከአንጀቱ ግድግዳ የተፋቁ ህዋሶች ፋንድያው ላይ ተለጥፈው ይወጣሉ። ስለዚህ መሃሉን ትተን ላዩን ብቻ በስሱ እንፍቃለን። ከዚያ ዲኤንኤው ተለይቶ ፒሲአር በሚባል የላቦራቶሪ ዘዴ ይባዛል። የምንፈልገው ማይክሮሳተላይት የሚባሉትን አጫጭር፣ ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ነው። የድግግሞሹ ብዛት ከእንስሳ እንስሳ ስለሚለያይ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል።

ከሰዓት በኋላ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት ናሙናዎችን ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ከፈትኩ። በሁሉም ማርከር፣ ማለትም ባነጻጸርናቸው የዲኤንኤ ቦታዎች ሁሉ፣ ግጥም አሉ። ለካ ሁለት ዝሆን ያልነው አንድ መንገደኛ ኖሯል! ከቆጠራው አንድ ተቀነሰ። ዝሆኑን ሳናይ፣ ሳንረብሸው ይህን ማወቃችን ግን አሁንም ይገርመኛል።

ቁጥር ብቻውን ደግሞ አያስተማምንም፤ የዘረመል ስብጥርም ያስፈልጋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሚኖረው የፍሎሪዳ ፓንተር (ፑማ የሚባለው ትልቅ የዱር ድመት ወገን) እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ጅራታቸው የተቆለመመ፣ ልባቸው ጤና ያጣ ግልገሎች ይወለዱ ጀመር። በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴት ፑማዎች መጥተው ተለቀቁ። የዘረመል ስብጥሩ ሰፋ፣ ቁጥሩም አንሰራራ። አንዳንዶች "ንጹህ ዘሩ ይበረዛል" ብለው ተከራክረው ነበር። እኔ ግን ንጹህ ሆኖ ከመጥፋት ተበርዞ መኖር ይሻላል ባይ ነኝ።

ነገ እንቢ ያሉኝን ናሙናዎች እደግማለሁ። ፀሐይ የመታው ፋንድያ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ናሙና ሰብሳቢ ጓዶች፣ እባካችሁ በማለዳ ውጡ፣ ትኩስ ትኩሱን!