«ማን ጠይቆን?»

ዛሬ ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ባጃጅ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ ለሚስቱ ደውሎ "ልጅቷን ከእናቴ ጋር ብቻዋን እንዳትተያት፣ አደራ" አለና ዘጋው። ሴት ልጅ ከወለዱ ገና ሳምንታቸው ነው። አያት አራስ ሊጠይቁ ከገጠር መጥተው "መቼ ነው የምትገረዘው?" ማለት አላቆሙም አሉ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጣልቃ ገቡ። "እኛስ ተገርዘን አልወለድንም እንዴ?"

"ወልዳችኋል እማማ። እንዴት እንደወለዳችሁ ግን አልነገራችሁንም" አልኳቸው።

የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት። "ማን ጠይቆን?" አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ መጀመሪያ ምጣቸው፣ ስለ መቀደዱ፣ ሽንታቸውን ለመሽናት ይፈሩ ስለነበረበት ጊዜ አወሩ፣ ሹፌሩም ሙዚቃውን አጠፋው። ሲወርዱ "እናትህን እኔ ላናግርልህ" ብለው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡት።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ከምባታ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገሉት ቦጋለች ገብሬ ነገሩን ያነቃነቁት ሽማግሌውን፣ እናቲቱን፣ ወጣቱን አንድ ላይ አስቀምጠው በማነጋገር ነው። ባጃጇ ውስጥም የሆነው እሱ ነው፤ ያለ አበል፣ ያለ ባነር።

ሕጉማ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ከ3 ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ ይላል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ደግሞስ የገዛ እናቱን ማን ይከሳል?