«ፈረሱስ?» ቀልድ ላመለጠው ልጅ

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት አንዱ «እንዴት ነህ?» ሲባል በኦሮምኛ «ጋሪ» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ፈረሱስ?» ይለዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከውጭ ለእረፍት የመጣው ልጅ ብቻ ሲኒውን ይዞ የሰውን አፍ ያያል። «ጋሪ» በኦሮምኛ ደህና፣ በአማርኛ ደግሞ ፈረስ የሚጎትተው መሆኑን ማን ነግሮት!

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተሽቀዳድሞ በእንግሊዝኛ መተርጎም ላይ ነው። ሲተረጎም ኅብረ ቃሉ ይጠፋና ፈረሱ ብቻውን ይቀራል። ሳቁ ጋብ ሲል ቀልዱን ቃል ሳይለወጥ ድገሙለት፤ አንዷን ቃል ነጥላችሁ መጀመሪያ ሰሙን፣ ቀጥሎ ወርቁን በአጭር በአጭሩ ንገሩት፤ ከዚያ ቀልዱን እንደገና በሙሉ። ወርቁን ካስቀደማችሁ የሚገርመው ነገር አይኖርም። ሁለት ደቂቃ ካለፈ ተዉት፣ ቶናው ይቀዘቅዛል።

«ደጋ ነው ያደገው ሲሉን፣ ቡና ሲያይ ቆላ» የሚለውን እንይ። እዚህ «ደጋ» ማጥመጃ ነው፤ ጆሮን ወደ ቆላ አገር ይመራዋል። ወርቁ ቡናውን በምጣድ መቁላቱ ነው። ልጁ «ቆላ»ን ከምጣዱ ውጭ አያውቀው ይሆናል፤ ስለዚህ የሚብራራው ወርቁ ሳይሆን ሰሙ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣ፣ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ግቤ ሲወርዱ ሹራቡን ያወለቀበትን ቦታ አስታውሱት፤ ቆላ ማለት ያ ነው። ጅማ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። «ቆላ»ን በ«ጠበሰ» ከለወጣችሁት ግን ቀልዱ አለቀ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውማ። «በሬን ዝጋልኝ» ሲባል «ሬ» ከጠበቀ የሚዘጋው የቤቴ በር፣ ከላላ ግን የሚያርሰው በሬ ነው። «ሰፊ»ም ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ በዚህ ትርጉም ስለማይለይ ልጁ ልዩነቱን ላይሰማው ይችላል። «ብላክ ካት» በሉት፤ መሐል ላይ ምላሱ «ክ»ን ይዞ የሚቆይባት ቅጽበት መጥበቅ ናት። ወረቀት ላይ «በርሬ»፣ «ሰፍፊ» እያላችሁ ብትጽፉለትም ለመማሪያ ያህል ነውር የለውም።

በስልክ መልእክት፣ በተለይ በላቲን ፊደል ከሆነ፣ ነገሩ ይብሳል፤ «ጠ» እና «ተ» አንድ ይሆናሉ። አክስት «ስልኬ ጠፋ» ብላ የጻፈችውን ልጁ «ስልኬ ተፋ» ብሎ ያነበውና ምን እንደተፋ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን በድምፅ ላኩለት።