ከ1973 እስከ 1994
አሜሪካዊው ቦክሰኛ ጆርጅ ፎርማን ያረፈ ዕለት በሬዲዮ ጣቢያችን ስፖርት ክፍል ተረኛው እኔ ነበርኩ። ማርች 2025 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ዜናው ሊነበብ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። በጥድፊያ ማስታወሻዬን ገለጥ ገለጥ አደረግኩና «ከ1973 እስከ 1994 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው» ብዬ ጻፍኩ። ተነበበ።

ወዲያው ስልክ ተደወለ። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ መሀል ላይ ያለውን ሰውዬ የት አደረስከው?» አሉኝ።

ከመደንገጤ የተነሳ መልስ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ከዚያ ቁጭ ብዬ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ፎርማን ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጥሎ ቀበቶውን የወሰደው በ1973 ነው፤ ይሄ ልክ ነው። ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየበትም። በ1974 ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ ገመዱን ተደግፎ እየተከላከለ አደከመውና በስምንተኛው ዙር ዘረረው። በ1977 በጂሚ ያንግ በነጥብ ተሸነፈ፤ ከዚያ ጓንቱን ሰቀለ። ሂውስተን ውስጥ ሰባኪ ሆነ። አስር ዓመት ሙሉ! አንድም ግጥሚያ የለም። በ1987 የተመለሰው፣ ወፍሮ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ላቋቋመው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ለማግኘት ሲል ነው። በ1991 ኢቫንደር ሆሊፊልድ በነጥብ አሸነፈው፤ ግን 12ቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ። በ1994 ላስ ቬጋስ ላይ፣ በ45 ዓመቱ፣ ያንኑ የኪንሻሳውን ቀይ ቁምጣ ለብሶ ገባና በነጥብ ሲመራው የነበረውን ማይክል ሙረርን በአስረኛው ዙር በቀኝ እጁ ጥሎ ቀበቶውን መልሶ ወሰደ። ያን ምሽት ጥጉ ላይ ቆመው ፎርማንን ከሚመክሩት አንዱ ማን መሰላችሁ? አንጄሎ ደንዲ፣ ኪንሻሳ ላይ የአሊ አሰልጣኝ የነበረው።

ይሄን ሁሉ ነው እንግዲህ በአንድ «እስከ» ያጠፋሁት። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ምክንያቱም ሰውዬውን ሰውዬ ያደረገው ያ መሀሉ ነው።

አለቃዬ «በቀጣዩ ዜና ላይ አርመን እንለፈው» አለኝ። አራት ደቂቃ ለመንኩት፣ ሁለት ፈቀደልኝ። ስህተቱን በግልጽ ተናግረን ይቅርታ ጠየቅን። ፍሬዚየርን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት። የቀረውን ጊዜ በሙሉ ቀበቶ ላልነበረው ፎርማን ሰጠሁት።