ግንቦት ሲገባ ፍራሹ ይወጣል

ባለፈው ሐሙስ ማታ ፍራሾቹን ግቢ አወጣን። እኛ ቤት የሙቀቱ ወራት ገባ የሚባለው የዚያን ቀን ነው። ቴርሞሜትር የለንም፣ እማዬ ናት የምትወስነው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታ ፊቷን ከታጠበች በማግስቱ «በቃ፣ ዛሬ ውጭ ነው» ትላለች፣ እኛም እንሸከማለን።

ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። ለሌላው ልንገር። ከተማችን ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከኛ የባሰም አለ፣ አፋር ሄዶ የመጣ ሰው በኛ ይስቃል። የኛ ችግር ቤቱ ነው። ብሎኬቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ይተፋዋል። ከላይ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ስትበረታበት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ማታ ሲበርድም እንደገና ቀጭ ቀጭ። ሁለት ሰዓት ላይ መኝታ ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብትነኩት ዳቦ የወጣለት ምድጃ ነው የሚመስለው። ቬንቲሌተር አለን። ቬንቲሌተር ግን ሙቁን አየር ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ከማመላለስ ሌላ ምን ይሠራል?

ባለቤቴ የሐረር ልጅ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ፍራሽ ሳወጣ አይቶ «እኛ አገር ውጭ የሚያድር ዘበኛ ነው» አለኝ። አልፈርድበትም። ሐረር ከኛ የምትርቀው 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም በከፍታ ግን ወደ 700 ሜትር ትበልጠናለች፣ እዚያ ማታ ጋቢ ይደረባል። እሱም ይኸው ከዚያን ዓመት ጀምሮ በየግንቦቱ መጀመሪያ ስልኩንና ቬንቲሌተሩን ይዞ ብቻውን ቤት ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲነሳ አንሶላው እንደታጠበ ልብስ ይጨመቃል። «እንዴት አደርክ?» ስለው «በጣም ጥሩ!» ይለኛል። እልኸኛ ነው አቦ!

ግቢያችን ውስጥ የመኝታ ቦታ ተራ አለው። እማዬ ኒም ዛፉ ሥር፣ ጠፍር አልጋዋ ላይ። ያ አልጋ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ጠፍሩ ሲላላ እየተወጠረ እስከ ዛሬ አለ። ከሥርም አየር ስለሚያስገባ በፍራሽ አትለውጠውም። ልጆቹ መሀል፣ ሰሌን ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ። እኔ ከበሩ በኩል። አጎበሩን ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አስረን ጫፉን ፍራሹ ሥር እንወትፈዋለን። ማሙሽ ሌሊት ሲገላበጥ ይነቅለዋል፣ እኔ ግማሽ ሌሊት እሱን ስወትፍ አድራለሁ።

ከመነጠፉ በፊት ግን ሲሚንቶው ውሃ ይረጫል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሚጣ ጆጉን ይዛ ትወጣለች። ሁለት ጆግ ነው የተፈቀደላት፣ ሦስተኛውን ከቀዳች ጠብ አለ። ውሃው መሬቱን ሲነካ ትንሽ ይጨሳል፣ ከዚያ ያ የአፈርና የሲሚንቶ ሽታ ይነሳል። እዚህ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖም ሰዓቱን ይነግራችኋል።

ሁለት ጆግ ያልኩት ስስት አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ በርሜሉ ይሞላል፣ ጀሪካኖቹ ይሞላሉ፣ አንዳንዴም ድስት። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ከድንጋዩ ካልሲየሙን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። በየሁለት ሳምንቱ ሎሚ ጨምቄ አፈላበታለሁ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወጣል። የአዲስ አበባ እንግዳ ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆው ላይ ያለውን ስስ ሽፋን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ድሬ ነው እንለዋለን።

በርሜሉ ላይ ክዳን አለ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለ። በ2011 መጨረሻና በ2012 መግቢያ ላይ እዚህ የነበረ ሰው ድንጋዩ ለምን እንደተቀመጠ ያውቃል። ያን ጊዜ ችኩንጉንያ ገብቶ ያልታመመ ቤት ለማግኘት መፈለግ ነበረባችሁ። ከዚያ በፊት በ2006 ደንጊ ነበር፣ የሁለቱም አስተላላፊ ያቺው ትንኝ ናት። እኛ ትንኝ ሲባል ረግረግ ነበር የምናስበው፣ ለካ ይቺኛዋ የምትፈለፈለው በራሳችን በርሜል ውስጥ ኖሯል። ደግሞ ቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ ሌሊት አጎበር ውስጥ ተጠቅልላችሁ አድራችሁ ጠዋት ልብስ ስታጥቡ ታገኛችኋለች። በሽታው ስሙን ያገኘው ከማኮንዴ ቋንቋ ነው፣ የሚያጎብጥ እንደማለት ነው አሉ። ልክ ነው። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ጎብጦ ነው ሽንት ቤት የሄደው፣ እኔ የዘይት ጠርሙስ ክዳን መክፈት አቅቶኝ የሰባት ዓመት የጎረቤት ልጅ ከፍታልኛለች። እማዬ ብቻ ሳትያዝ አለፈች። እስከ ዛሬ ምክንያቱ ቡናዋ እንደሆነ ነው የምታምነው።

ቀኑ የሚሄደው በፀሐይ ልክ ነው። ገበያ ከሦስት ሰዓት በፊት። ቅዳሜ ቀፊራ ስንሄድ ሚጣን ይዣት ነው የምሄደው፣ እሷ ከኔ ትሻላለች። ዋጋውን በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ በሶማሊኛ ትከራከራለች፣ ምርቃቱን በአማርኛ ትቀበላለች። ጊሽጣ ስትመርጥ እንደ አሮጊት ጫን አድርጋ ነው፣ ሻጯ «ኧረ አትጨፍልቂብኝ!» ትላታለች። ቁርሳችንን እዚያው ፈጢራ በልተን በባጃጅ እንመለሳለን። ከስድስት ሰዓት በኋላ መንገዱ የፍየል ነው። ወንዶቹ ሽርጥ ለብሰው በርጫ ላይ ጫት ይዘው፣ ሱቁ ግማሽ በሩን ዘግቶ፣ ውሻው የባጃጁ ጥላ ሥር። ከሮቶው የሚወርደው ውሃ ስምንት ሰዓት ላይ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው። አሥር ሰዓት አካባቢ ከተማው እንደገና ይነሳል። ከዚራ ሰፈር ብትኖሩ ትንሽ ይሻላችኋል፣ በ1895 ባቡሩ ሲመጣ ከተማዋን የቀየሱት ሰዎች ለመንገዱ ሰፊ ዛፍ አስበውለታል። እኛ ሰፈር ዛፍ የተከለው ሁሉም ለየራሱ ነው፣ የኛን ኒም አባቴ ነው የተከለው።

በዚህ ወር እማዬ ሁመር ትሠራለች፣ ከጎምዛዛ ፍሬ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ጥቁሩን ሁመር ከነፍሬው ማታ ትዘፈዝፋለች፣ ጠዋት በእጇ ታሸዋለች፣ ፍሬውና ክሩ ይለያል፣ በነጠላ ጫፍ ታጠላለች። ነጠላው ከዓመት ዓመት አንድ ነው፣ ቡናማ ሆኗል። ስኳር የምትጨምረው ልጆቹ እያዩ ትንሽ፣ ልጆቹ ዞር ሲሉ ብዙ። በረዶ ከሱቅ በፌስታል ይመጣል፣ ማሙሽ ሊያመጣ ተልኮ ግማሹን እየላሰ ይደርሳል። ፌስታሉ ተበስቶ ነው ይላል፣ አፉ ግን ቀይ ሆኗል።

ራት ከተበላ በኋላ ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ ይደውላል። ሚኒሶታ ነው ያለው፣ ከተማ ሳይሆን ገጠር፣ የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እሱ ጋ ገና ቀን ሰባት ሰዓት ነው፣ ምሳ ሲወጣ ነው የሚያገኘን። ስልኩን በርሜሉ ላይ አስደግፈን ሁላችንም ፍራሽ ላይ ሆነን እናየዋለን። አሁን እሱም ጋ ሙቀት እየገባ ነው፣ ጎረቤቶቹ በቆሎና አኩሪ አተር ዘርተዋል። ወንዝ የሚያህል ማሳ ነው፣ ግን አንድም ሰው አይታይበትም፣ ባልና ሚስት ከነትራክተራቸው ብቻ። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሦስት ሰዓት ነው ሲላት እማዬ ደነገጠች።

«ታዲያ ራት መቼ ይበላል?»

«ፀሐይ እያለ ነው እማዬ።»

«ያ ምሳ ነዋ!»

ትንኝ እዚያም መኖሩን ስትሰማ ደግሞ ደስ ያላት መሰለኝ። ሰዎቹ በረንዳቸውን በወንፊት ሽቦ ይከልሉና ማታ ማታ እዚያ ውስጥ ቁጭ ይላሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ አላት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ውጭስ ያድራሉ?» አያድሩም አላት፣ ቤታቸው ማቀዝቀዣ አለው። «ያሳዝናሉ» አለች። ወንድሜ ሳቀ፣ ከዚያ ስልኩን ትንሽ ዝቅ አደረገና «ኒሙን አሳዩኝ እስቲ» አለ። ሚጣ ስልኩን ወደ ላይ አዞረችለት። ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። እሱ ግን «እሺ፣ አየሁት» አለ።

በየዓመቱ ልጆቹን ለሁለት ሳምንት ሐረር እንወስዳቸዋለን፣ አማቴ ጋ። ደንገጎ ዳገት ላይ የሚኒባሱ መስኮት ሲከፈት የሁሉም ክንድ ይወረራል። ሐረማያ ሐይቅን እኔ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይቼዋለሁ፣ ልጆቼ የሚያዩት ውሃው ተመልሶለት ነው፣ ስነግራቸው አያምኑኝም። አማቴ ገና ሳይወርዱ ጋቢ ይዛ ትጠብቃቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ማሙሽ ደውሎ «እዚህ ኮከብ የለም» አለኝ አምና። ኮከብ እዚያ ጠፍቶ አይደለም፣ ጣሪያ ሥር ስላስተኙት ነው።

አሁን ወደ እሑድ ሌሊት ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ሰባት ሰዓት አካባቢ ነቃሁ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ አንገቷን ወደ ደቻቱ ወንዝ በኩል አዘንብላ። የምታደርገውን አውቃለሁ። ቤታችን ከደቻቱ ሁለት መንገድ እልፍ ብሎ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ግን ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው በደረቅ ሌሊት ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ በ1998፣ እንደዚያ ነው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እማዬ ያን ሌሊት የሰማችውን ድምፅ «ብዙ የጭነት መኪና በአንድ ላይ ሲመጣ» እያለች ነው የምትነግረን፣ ከዚያ ወዲህ ተራራው ላይ ብልጭ ካለ እንቅልፍ የላትም።

«ይሰማሻል?» አልኳት።

«ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ከሩቅ ባጃጅ፣ አንድ ውሻ፣ የልጆቹ ትንፋሽ። ከዚያ አንድ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። ሌላ አንድ ቆርቆሮው ላይ። «ተነሱ!» አለች እማዬ፣ ያን ጊዜ የሚያያችሁ ሰው ሌባ ገባ ነው የሚለው። ሚጣ ትራሶቹን፣ እኔ ማሙሽን ከነእንቅልፉ፣ ባለቤቴ በሽርጥ ከቤት ዘሎ ወጥቶ ፍራሹን። አጎበሩ ከገመዱ ጋር ተጠላልፎ ባለቤቴን እንደ ሙሽራ ሸፈነው። እማዬ ጠፍር አልጋዋን ለማንም አላስነካችም፣ ራሷ ጎተተችው። ስንገባ ቤቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ መብራቱ ደግሞ የለም፣ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። ስድስት ሰው (የጎረቤት ልጅም እኛ ጋ ነበር ያደረው) ጨለማ ውስጥ ቆመን ቆርቆሮውን አዳመጥን።

አልዘነበም። ምናልባት አሥር ጠብታ። ደቻቱም ዝም።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ «አልፏል፣ ተኙ» አለች። ፍራሹን መልሶ የሚያወጣ ግን ጠፋ። ሁሉም ደክሞታል፣ ሚጣ ሶፋው ላይ ተዘርራለች፣ እኔም መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ በነጠላዬ ማራገብ ጀምሬአለሁ። አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ላበን ሲንጠባጠብ ቆየን።

«እማማ፣ አልጋዎትን እኔ ላውጣልዎት» አለ ባለቤቴ።

«አንተ ውጭ አታድርም አይደል እንዴ የኔ ጌታ?» አለችው።

አልመለሰላትም። ጠፍር አልጋውን በአንድ እጁ፣ ፍራሹን በጀርባው ይዞ ወጣ፣ ሲወጣ የበሩን መቃን ገጨው። ወጥቼ ሳየው ከበሩ በኩል ፍራሹን ዘርግቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ አጎበር እንኳ ሳያስር ያንኮራፋል። ተኝቶ የነበረው እኔ ቦታ ላይ ነው።