ለመላው ቤተሰብ አንድ እንቁላል

የግቢ ውሻን ሁሉም ያጎርሰዋል፤ ድምሩን ግን ማንም አይይዝም። ልጆቹ ዳቦ ይወረውሩለታል፣ ዘበኛው ከምሳው ያካፍለዋል፣ ማታ ደግሞ ከዓሣ ቤት የተረፈው ይመጣለታል። ሲወፍር «ተመቸው» ይባላል። ይህ ቃል ያሳዝነኛል። በላብራዶር ውሾች ላይ ዕድሜ ልካቸውን በተደረገ ጥናት፣ ከእኩዮቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ወደ 2 ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ ነው የያዛቸው።

ዓይን ያታልላል፤ በተለይ ጠጉሩ ከበዛ። ጎድኑን ሳይጫኑ መዳበስ ነው። የተዘረጋ እጅን ጀርባ እንደመንካት ከሆነ ደህና ነው፤ መዳፍን እንደመንካት ከለሰለሰ ወፍሯል፤ የቡጢ አንጓ ያህል ከሾለ ከስቷል። ሆዱ ተነፍቶ የጀርባ አጥንቱ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ትል ወይም የቋጠረ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይየው። ኪሎውን ለማወቅ ታቅፎት ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ የራስን ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ለማቀፍ የሚከብደውን ወፍጮ ቤት ያለው ሚዛን ይችለዋል።

ስሌቱ ይህ ነው፦ ሊሆን የሚገባውን ኪሎ በ30 ማባዛትና 70 መደመር። 25 ኪሎ ደርሶ 20 መሆን ላለበት ውሻ በቀን 670 ካሎሪ አካባቢ መነሻ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው! ከዋናው ምግብ ውጭ የሚጎረሰው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይህም የአንድ ቅቅል እንቁላል ያህል ነው፣ ለመላው ቤተሰብ። ስለዚህ የቀኑን ጉርሻ ጠዋት በአንዲት ጣሳ ማስቀመጥ፤ ማጎረስ የፈለገ ሁሉ ከእሷ ይውሰድ፣ ካለቀች አለቀች።

ሲቀነስ መጀመሪያ እንጀራውና ጮማው ይቀነስ፤ ቀይ ሥጋው ከተነካ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል። እዚህ ባሕር ዳር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለልን፦ ተቀቅሎ እሾሁ በደንብ ከተለቀመ 100 ግራሙ 130 ካሎሪ ገደማ ነው። የተጠበሰው ግን ዘይቱን ይዞ ይመጣል። ለዚያ 25 ኪሎ ለደረሰው ውሻ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም መቀነስ ጤናማ ነው፤ 5 ኪሎ ለማውረድ ከ10 እስከ 20 ሳምንት ይፈጃል። ድርሻው በትክክል ተለክቶ በወሩ ምንም ካልቀነሰ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገው ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የሁዳዴና የፋሲካ ነገር ነው። በጾሙ ውሻው ከቤቱ ጋር እንጀራ በሽሮ ይበላል፤ ፕሮቲኑ ያንሰዋል፣ የወጡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ተበስሎም ቢሆን ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዳል። በበዓሉ ማግስት ደግሞ ሞራው ሁሉ ይወርድበታል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ስብ ቆሽቱን ሊያስቆጣው ይችላል፤ ደጋግሞ ካስታወከና ጀርባውን ካጎበጠ ሐኪም ቤት መውሰድ እንጂ ማሳደር አይገባም።

ለሽርሽር የሐይቁ ዳር ምቹ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት። ወፍራም ውሻ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። 10 ደቂቃ ይጀምርና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨመርለት። ወደ ዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ስላለ ማሰሪያው አይፈታ። ካለከለከና መራመድ ከተወ ጥላ ሥር አረፍ አድርጎ ሆዱንና ብብቱን በውኃ ማርጠብ ነው፤ የዚያን ቀን ጉዞ እዚያው ይቁም።